የልጄ አንገት ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር

ነገሩን ያየችው እህቴ ናት። ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነስቶ ኮዬ ፈጬ ወዳለው ቤታችን ተመልሰናል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሄዷል። እኛ ሶፋው ላይ ተዘርግተን የስልክ ፎቶ እናያለን። «ቆይ ቆይ» አለች፣ በጣቷ ወደ ኋላ እየመለሰች። «ይሄ ልጅ በሁሉም ፎቶ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ጥሎ ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው። በክርስትና አባቱ እቅፍ፣ በእኔ እቅፍ፣ አልጋው ላይ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ቀኝ ጆሮው ወደ ቀኝ ትከሻው ተጠግቷል። አገጩ ደግሞ ወደ ግራ ዞሯል። ሰው የነገሩት ነገር ሳይዋጥለት ሲቀር አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደሚያየው ማለት ነው። እኛ እስከዚያ ቀን አመሉ መስሎን «ምን ይመረምራል ይሄ ልጅ!» እያልን እንስቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሌላም ነገር ተገጣጠመልኝ። ልጄ ግራ ጡቴን አይወድም ነበር። በቀኙ በደንብ ይጠባል። ወደ ግራው ሳዞረው ይነጫነጫል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። እኔ ግራ ጡቴ ወተት አጥሮት መስሎኝ አብሽ ስጠጣ ከረምኩ። ለካ ግራ ጡቴን ለመጥባት ፊቱን ወደ ቀኝ ማዞር አለበት። ወደ ቀኝ መዞር ደግሞ አይችልም።

በማግስቱ ገላውን ሳጥብ አንገቱን በጣቴ ዳሰስኩ። ቀኝ በኩል፣ ከቆዳው ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠንካራ ነገር አገኘሁ። እጄ ቀዘቀዘ። እናት ስትሆኑ ጭንቅላታችሁ የት እንደሚሮጥ ታውቁታላችሁ። በስልኬ ስፈልግ አደርኩ። ባላደርገው ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ሰፈራችን አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ያየው ባለሙያ ልጁን ከእቅፌ እንኳን አላወረደውም። «ሲያድግ ይተወዋል፤ በቀኝ በኩል ትራስ አድርጊለት» አለኝ። ከፍለን ወጣን። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ይተወዋል» የሚለውን ቃል የሚጠላ እናት የለም።

ደግነቱ ሁለት ቀን ቆይቶ የስድስት ሳምንት ክትባቱ ደረሰ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የምትከትበው ሲስተር ጭኑን ይዛ ልትወጋ ስትል ቆም አለች። «አንገቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አስተኝታ በቁልፏ ድምፅ እያሰማች ወደ ቀኝ ስትጠራው ዓይኑ ሄደ፣ ጭንቅላቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከክትባቱ በኋላ ሪፈር ጻፈችልኝና «ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰጂው። ዛሬ ነገ አትበይ» አለችኝ። ያቺን ሲስተር እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

ቤት ግን ሌላ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። የእሷ ሐሳብ ለጋ ቅቤ ቀብቶ አንገቱን ሳብ ሳብ ማድረግ ነው። «አንቺንስ ማን አሳደገሽ?» ትለኛለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደግሞ «ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ፣ በአንድ ቀን ነው የሚያስተካክለው» አለችኝ። አማቴ «በእርግዝናሽ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ትተኚ ነበር» አሉ። እሳቸው ለክፋት አላሉትም። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወጌሻው ጋ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ቅርብ ነው፣ ሰልፍ የለም፣ «በአንድ ቀን» ተብሏል። ሆስፒታሉ ደግሞ ከኮዬ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። ያስቆመኝ ባለቤቴ ነው። «የስድስት ሳምንት አንገት ለሰው ሰጥተሽ ታስጎትቻለሽ?» አለኝ። በቃ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው ሰው ናቸው። ዶክተር ስላቸው «ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» አሉና እጃቸውን ታጥበው መዳፋቸውን አሻሽተው አሞቁ። ቀዝቃዛ እጅ ልጅ እንደሚያስደነግጥ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የማስበው። መጀመሪያ አንገቱን አልነኩም። አስተኝተው ዝም ብለው አዩት። ፊቱን፣ ዓይኖቹን፣ ጭንቅላቱን ከላይ፣ ጆሮዎቹ እኩል መሆናቸውን። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። እንዴት ተወለደ? በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ነው። የመጀመሪያ ልጅሽ ነው? አዎ። በየትኛው ጡት ነው የሚከብደው? እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ከጆሯችን ጀርባ ካለው አጥንት ተነስቶ፣ አንገትን ሰያፍ አቋርጦ፣ ደረት አጥንት አናት ላይ የሚያርፍ ጡንቻ አለ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ግራ ብታዞሩ፣ በቀኝ አንገታችሁ ላይ እንደ ገመድ ብድግ የሚለው እሱ ነው። የልጄ ቀኝ ጡንቻ አጥሯል፣ ጠንክሯል። ሲያጥር ጭንቅላቱን ወደ ራሱ፣ ወደ ቀኝ፣ ይስበዋል። አገጩን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ችግሩ ቶርቲኮሊስ ይባላል። ያቺ ባቄላ የጡንቻው እብጠት ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቅ ትልና በወራት ውስጥ ትጠፋለች። በአልትራሳውንድ ታየችና እንዳሉት ሆነች። በማህፀን ውስጥ ቦታ የጠበባቸው፣ በመቀመጫቸው የመጡ፣ የበኩር የሆኑ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። «አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። አማቴ ያሉትን የነገራቸው ያለ ይመስል።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ዳይፐሩን ፈትተው ዳሌውን መረመሩ። አንገቱ እንዲህ የሆነ ልጅ፣ በተለይ በመቀመጫው የመጣ ከሆነ፣ የዳሌው መገጣጠሚያም መታየት አለበት። ለዳሌውም አልትራሳውንድ አዘዙ። ደህና ነበር። ልጃችሁን ለአንገቱ ወስዳችሁ ዳሌውን ያላየ ካለ፣ እናንተው ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ ፊዚዮቴራፒ ማለት ልጁን ወስጄ፣ እሳቸው ሠርተውለት፣ ተሽሎት የምንመለስበት ነገር ይመስለኝ ነበር። «እኔ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው የማገኘው። የቀረው ያንቺ ነው» አሉኝ። ከዚያ የእኔን እጅ በእሳቸው እጅ ይዘው ማስተማር ጀመሩ።

በጀርባው ይተኛል። አንድ እጄ ቀኝ ትከሻውን አልጋው ላይ ቀለል አድርጎ ይይዛል፣ ትከሻው ተከትሎ እንዳይነሳ። ሌላው እጄ ከጭንቅላቱ ሥር ገብቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያቅፈዋል። ከዚያ ግራ ጆሮው ወደ ግራ ትከሻው እንዲቀርብ በዝግታ ማዘንበል። ጡንቻው «በቃ» የሚልበት ቦታ አለ። በእጅ ይታወቃል፣ ላስቲክ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደሚለው። እዚያ ላይ ቆም ብሎ ቀስ እያሉ እስከ 30 መቁጠር። ሁለተኛው ደግሞ አገጩን ወደ ቀኝ ማዞር ነው። መጎተት የለም። ማንጓጓት የለም። ልጁ ከታገለ መልቀቅ፣ ማባበል፣ እንደገና መሞከር። ፊቱ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተለወጠ ወዲያው ማቆም። የሚታገልን ጡንቻ በጉልበት መሳብ ይጎዳዋል። የወጌሻው «በአንድ ቀን» ለምን እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን የጻፍኩት እንዲገባችሁ እንጂ ከዚህ አይታችሁ እንድትጀምሩት አይደለም። መጀመሪያ ባለሙያ እጃችሁን ይያዝ።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ልጁ ያለቅሳል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እናቴ «ልጁን ልትገድሉት ነው» እያለች ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች። እስከ 30 የምቆጥረው 12 ላይ ይቋረጣል። በኋላ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ሆዱ ጢም ብሎ ከሆነ ያስመልሰዋል፣ ከራበው ደግሞ ቤቱን ያናጋዋል። ገላውን ታጥቦ ሰውነቱ ሲፍታታ፣ ወይም እንቅልፍ ሊወስደው ዓይኑ ሲንከባለል፣ ያኔ አንገቱ እንደ ቅቤ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። መቁጠሩን ትቼ እሹሩሩ ማለት ጀመርኩ። ሁለት ዙር እሹሩሩ ከ30 ቁጥር ጋር እኩል ነው፣ በሰዓት ለክቼዋለሁ። «በቀን ስንት ጊዜ?» ስላቸው «ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር» ብለውኝ ነበር። ሌላ ማስታወሻ አያስፈልግም። ዳይፐሩ ያስታውሳል።

ግን ከስትሬቺንጉ፣ ማለትም ጡንቻውን ከመሳቡ፣ በላይ ለውጥ ያመጣው ቤቱን ማገላበጣችን ነው ብዬ አምናለሁ። አልጋችን በግድግዳው ጥግ ነው። እሱ ከግድግዳው በኩል ይተኛል፣ እኔ በግራው ነኝ፣ መስኮቱም በግራው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግራ ያያል ማለት ነው። ወደ ግራ ሲያይ ደግሞ የጭንቅላቱ የኋላ ግራ ጎን ይጫናል። ከላይ ሲታይ እዚያ ጋ ጠፍጠፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ራስጌውንና ግርጌውን ቀየርንለት። አሁን እኔን፣ መስኮቱንና በሩን ለማየት ወደ ቀኝ መዞር ግድ ሆነበት። ስናወራውም በቀኙ፣ አባቱ ከሥራ ሲገባም በቀኙ። በየእሑዱ ገላውን ከታጠበ በኋላ ፀጉሩ እርጥብ እያለ ጭንቅላቱን ከላይ ፎቶ አነሳዋለሁ። በየቀኑ ስታዩት ለውጡ አይታይም። የአራት እሑድ ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ይታያል።

የክሊኒኩን ትራስ አወጣነው። ትራስ አንገት አያቃናም፣ ለጨቅላ ደግሞ የመታፈን አደጋ ነው። አክስቴ «በሆዱ አስተኚው» ብላኝ ነበር። ይህንንም ከለከሉኝ። እንቅልፍ በጀርባ ብቻ። በሆድ መሆን ነቅቶ ሳለ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ነው። በእኔ ደረት ላይ ጀመርን፣ ከዚያ ምንጣፍ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ጭንቅላቱን ሲያነሳ ጡንቻውም ይሠራል፣ ጠፍጣፋውም ያርፋል።

አስተቃቀፉም ተቀየረ። ቀኝ ጎኑን ወደ ታች፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ክንዴ በቀኝ ጆሮውና በትከሻው መሃል ገብቶ እንዲይዘው አድርጌ ቤት ውስጥ እዞራለሁ። እሱ ሰፈር የሚያይ ይመስለዋል፣ ጡንቻው ግን እየተሳበ ነው። አንገቱን በራሱ መያዝ ሲችል ደግሞ ማዘል ጀመርኩ። ሳዝለው ግራ ጉንጩ ጀርባዬ ላይ እንዲያርፍ አዞረዋለሁ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ይሆናል። ስለ ማዘል ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «የኛ እናቶች ሳያውቁት ለዳሌ ጥሩ ነገር ነው የሠሩት» አሉኝ። እግሩ ከፈት ብሎ ወገብ ላይ መያዙ የዳሌውን መገጣጠሚያ በቦታው ያስቀምጣል። የሚጎዳው ሌላው ልማዳችን ነው። «እግሩ ቀጥ ይበል» ብሎ ሁለቱን እግር ገጥሞ በነጠላ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል።

እናቴን ያሸነፍኳት እኔ አይደለሁም። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ይዣት ሄድኩ። ሰውየው አልተቆጧትም። «እማማ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያሹት? ያሳዩኝ» አሉ። አሳየች። እግሩንና ጀርባውን ማሸቷን ወደዱላት። አንገቱ ጋ ስትደርስ እጇን ቀስ ብለው ይዘው «እዚህ ጋ እንዲህ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ፖሊስ ሆነች። «ዳይፐር ቀይረሽ አልሠራሽለትም!» ብላ ከኩሽና ትጮሃለች። ተሳስቼ ነበር ማለት ግን የለም።

ከወሊድ በኋላ ያለኝ የ90 ቀን ፈቃድ አልቆ ሥራ ልመለስ ስል ሌላ ጭንቀት መጣ። እናቴ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ልጁን ቀን የምትይዘው የምታግዘኝ ልጅ ናት። ሥራ ልገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ይዣት ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሷን አሠሯት። እጇ ከእጄ የተሻለ የተረጋጋ ነበር፣ ትንሽ ቀናሁ። አሁን ብሆን ከመጀመሪያው ቀን ነው ይዣት የምሄደው። ቀን ቀን ልጁ በማን እጅ ነው? ትምህርቱ መሰጠት ያለበት ለሱ ሰው ነው።

ክረምቱ ላይ ሁለት ቀጠሮ አመለጠኝ። ጭቃውና የታክሲ ሰልፉ ከሦስት ወር ልጅ ጋር አይሆንም። ስንሠራ በቪዲዮ ቀርጬ በቴሌግራም ላክሁላቸው። «ትከሻውን ረስተሻል» ብለው መለሱ። እውነትም ረስቼ ነበር። ትከሻው አብሮ ሲነሳ ለካ ለሳምንት ያህል ምንም ሳልስብ ነበር የምደክመው።

አራተኛው ወር ላይ ባቄላዋን ፈልጌ አጣኋት። ከዚያ በኋላ ሥራው ከመሳብ ወደ ማጠንከር ዞረ። ቀኙ ሲያጥር የሰነፈው ግራው ጡንቻ ነው። መስታወት ፊት ብብቱን ይዤ ሰውነቱን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ሳዘነብለው፣ እሱ ጭንቅላቱን ቀና ለማድረግ ወደ ግራ ያነሳዋል። ለሱ ጨዋታ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ልጅ ይስቅበታል። ስድስት ወር ሲሞላው በሁለቱም በኩል እኩል መዞር ጀመረ። ሲደክመው ወይም ጉንፋን ሲይዘው ግን ትንሽ ያዘነብል ነበር። መጀመሪያ ሳየው ተመልሶ መጣ ብዬ ደንግጬ ደውዬ ነበር። ያጋጥማል፣ እያደር ይቀራል ተባልኩ።

ሰዓት ላይ አንድ ነገር ልበል። ከሦስት ወር በፊት የጀመሩ ልጆች አብዛኞቹ በእንቅስቃሴ ብቻ ይስተካከላሉ። በዘገየ ቁጥር ጊዜውም ይረዝማል፣ ሥራውም ይከብዳል። ዓመት አልፎት ያልተስተካከለ ልጅ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። «ይተወዋል» ብዬ ተኝቼ ቢሆን የት እንደምደርስ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ደግሞ የዘነበለ አንገት ሁሉ ይሄ አይደለም። የዓይን ችግር ያለበት ልጅም አጥርቶ ለማየት ጭንቅላቱን ያዘነብላል። የአንገት አጥንት አፈጣጠር ችግርም አለ፤ እሱ ደግሞ ስትሬቺንግ አይወድም። ደህና የነበረ ልጅ ድንገት አንገቱ ከዘነበለ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ከወደቀ፣ ካስመለሰው ወይም አረማመዱ ከተዛባ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። ማሸትም መሳብም የለም።

«ቆሞ ሲሄድ አንዴ አምጭልኝ» ብለውኝ ስለነበር ዓመት ከአንድ ወሩ ላይ ሄድን። እናቴም ለልደቱ መጥታ ስለነበር አብራን አለች። ኮሪደሩ ላይ ለቀቁት። እጆቹን ዘርግቶ እየተንገዳገደ ሄደ፣ ጭንቅላቱ መሃል ላይ። ከግራ ጠሩት፣ ዞረ። ከቀኝ ጠሩት፣ ዞረ። ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፉና «በቃ፣ ጨርሰናል» አሉ። እኔ ምን ብዬ እንደማመሰግን ሳስብ እናቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና «እስቲ ይቺን ጉልበቴን ደግሞ ይዩልኝ» አለቻቸው። አዩላት። እግሯን ቀጥ አድርጋ እያነሳች የምትሠራው ነገር ሰጧት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። በስልክ ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ። አትሠራውም።